ከጠመኔ እስከ ቤተ ጊዮርጊስ፤ የፊዚክስ ትምህርት በላስታ ምድር

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ዕለቱ እሑድ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ጨረቃ የፀሐይን መሐል ሸፍና ዳር ዳሯን ብቻ አስቀረች። ከኮንጎ የተነሣው የግርዶሽ መንገድ ኢትዮጵያን ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አቋርጦ በላሊበላ ላይ አለፈ። ቀኑ ፈጽሞ አልጨለመም፤ ብርሃኑ ግን ደከመ፣ አየሩም ቀዝቀዝ አለ። መከላከያ መነጽር ያገኘ ሰው ቀና ብሎ ቀለበቷን አየ። ላላገኘው ደግሞ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ መሬት መሬቱን ማየት ይበቃው ነበር። በቅጠልና በቅጠል መካከል ሾልኮ የሚወርደው እያንዳንዱ ብርሃን መሬት ላይ ትንሽ ማጭድ ይሠራል፤ ግርዶሹ ሲሞላ ማጭዶቹ ሁሉ ቀለበት ይሆናሉ።

ምክንያቱ በየትኛውም የፊዚክስ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጾች ላይ የተጻፈ ነው፤ ብርሃን በቀጥታ መስመር ይጓዛል። በቅጠሎች መካከል ያለው ክፍተት እንደ ጠባብ ቀዳዳ ሆኖ የፀሐይን ምስል መሬት ላይ ይጥላል። በአዘቦት ቀንም በዛፍ ጥላ ውስጥ የምናያቸው ክብ ክብ ብርሃኖች ክብ የሆኑት ፀሐይ ክብ ስለሆነች ነው እንጂ ክፍተቶቹ ክብ ስለሆኑ አይደለም። ማረጋገጥ የሚፈልግ ተማሪ ካርቶን በመርፌ ይብሳ። ከቀዳዳው ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ወረቀት ቢዘረጋ ሁለት ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ክብ ብርሃን ያገኛል። የዚያችን ክብ ስፋት ለርቀቱ ሲያካፍል ከ108 አንድ አካባቢ ይመጣለታል። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር እንደምትርቅ ከነገሩት፣ ስፋቷን 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ብሎ ራሱ ያሰላል። ወጪው አንድ ካርቶን፣ አንድ መርፌና አንድ ማስመሪያ ነው።

በዚያ ጠዋት በአገሪቱ አንድም ክፍል ክፍት አልነበረም። ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ከመጋቢት ጀምሮ ተዘግተው ነበር። ያ ትምህርት ቢያልፍም የላስታ ምድር ሌላ ብዙ የሚያስተምረው አለው፤ ይህ ጽሑፍም የሚያነሣው እሱን ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ፊዚክስ የተማረ ሰው የኦም ሕግን ከሰሌዳ ወደ ደብተር የገለበጠበትን ቀን ያስታውሳል። ሽቦውን፣ ባትሪውንና አምፖሉን በእጁ የያዘበትን ቀን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ይህን ክፍተት ይሞላል ተብሎ ነበር። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይሰራጭ፣ ሙከራው በስክሪን ይታይ፣ መምህሩ ጥግ ይዞ ይቆም ነበር። ተማሪው እንግሊዝኛውን ለመከተል ሲታገል ሙከራው አልፎ ይሄድ ነበር፤ ወደ ኋላ መመለስም ሆነ ማስቆም አይቻልም ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። በማግስቱ ዓመትም ውጤቱ ፈቅ አላለም፤ 3.2 በመቶ ሆነ። ለዚህ ውድቀት ብዙ ምክንያት አለ፤ ሁሉንም በቤተ ሙከራ እጦት ላይ መጫን አይገባም። ነገር ግን በሕይወቱ አንድም ነገር ለክቶ የማያውቅ ተማሪ ቀመር ምን እንደሚል በትክክል ሊገባው አይችልም ብዬ አምናለሁ። ቀመር ስለ ልኬት የሚናገር ነው፤ ልኬት ደግሞ ካልነኩት አይታወቅም።

ላስታ በምትገኝበት ሰሜን ወሎ ላይ ይህ ችግር ድርብ ነው። በሐምሌ 2013 መጨረሻ ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። ከተማዋ ለወራት ያለ መብራት ቆየች፤ በዞኑ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ ፈረሱ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ከቢሾፍቱ ፎቃ የተነሣው ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት በየዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ማዕከላትን ማቋቋሙ መልካም ሥራ ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ማዕከል አለው። ከላስታ ገጠር ተነሥቶ ባሕር ዳር መድረስ ግን በሰላሙ ጊዜም ቢሆን የቀን መንገድ ነበር። የቤተ ሙከራ ዕቃ የጫነ መኪና እስኪመጣ ፊዚክስን ማቆየት የአንድ ትውልድ ዕድሜ ማባከን ይሆናል።

ያለ ዕቃ ማስተማር ይቻላል ወይ ለሚል፣ በደርግ ዘመን እስር ቤት ውስጥ ሆነው እስረኛ ጓዶቻቸውን ፊዚክስ ያስተማሩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ አሉ። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት የሰጣቸው ለሰብዓዊ መብትና ለትምህርት ስላደረጉት ተጋድሎ ነው። እርሳቸው በወኅኒ ያስተማሩትን፣ መምህራችን ከነሰሌዳውና ከነጠመኔው ማስተማር አያቅተውም።

ከጠመኔው እንጀምር። ጠመኔ ለጽሑፍ ብቻ የሚያገለግል ይመስላል፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ ክፍሎች ሁሉ ያለ፣ ብዙ ገንዘብ የማያወጣ፣ ቢሰበርም የማይቆጭ የድንጋይ ናሙና ነው። አንድ ሙሉ ጠመኔ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙና በላዩ መጽሐፍ ይጫኑ፤ ሌላም ይጨምሩ። ሚዛኑን ከጠበቁለት ክምሩን ተሸክሞ ይቆማል። ያንኑ ጠመኔ በሁለት እጅ ጫፍና ጫፉን ይዘው ቢያጎብጡት ግን ሕፃንም ይሰብረዋል። ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት አይችልም። ሲጎብጥ ደግሞ አንዱ ወገን ይጨመቃል፣ ሌላው ወገን ይሳባል፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ከሚሳበው ወገን ነው። ሌላ ጠመኔ ይዘው እንደ እርጥብ ልብስ ቢጠመዝዙት ደግሞ ቀጥ ብሎ አይቆረጥም፤ ስብራቱ ጠመኔውን በ45 ዲግሪ እየዞረ ይወጣል። ተማሪዎች ይህን በእጃቸው ሠርተው ስብርባሪውን ሲያስተያዩ በስልሳ ተማሪ ክፍል ውስጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ስብራት እንዳገኘ ያያሉ። የተፈጥሮ ሕግ ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ቀጥሎ ልኬት ይመጣል። ሁለት እኩል የሆኑ እንጨቶች ያኑሩ፣ ጠመኔውን እንደ ድልድይ ያጋድሙ፣ ከመሐሉ ላይ የላስቲክ ጠርሙስ በክር ያንጠልጥሉ፣ እስኪሰበር በጥንቃቄ ውሃ ይጨምሩ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና ሚዛን አያስፈልግም። ከዚያ በእንጨቶቹ መካከል ያለውን ርቀት በግማሽ ይቀንሱና በአዲስ ጠመኔ ይድገሙት። ሁለተኛው ጠመኔ የመጀመሪያውን እጥፍ ያህል ይሸከማል። በትክክል እጥፍ አይሆንም፤ አንዱ ቡድን አንድ ነጥብ ሰባት፣ ሌላው ሁለት ነጥብ ሁለት ሊያገኝ ይችላል፤ ስለ ልዩነቱ መከራከራቸውም የትምህርቱ ዋና ክፍል ነው።

አሁን ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ቤተ መድኃኔ ዓለም መሄድ ነው። ከላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በስፋት የሚበልጣቸው የለም፤ ርዝመቱ 33.5 ሜትር፣ ወርዱ 23.5 ሜትር ይሆናል። ጣሪያው ከግድግዳው ጋር አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። 23 ሜትር ድንጋይ ያለ ድጋፍ ተንጠልጥሎ ሊቆም እንደማይችል ጠመኔው ቀድሞ ነግሯቸዋል። ስለዚህ ጠራቢዎቹ አራት ረድፍ ዓምዶች አስቀርተው ወርዱን ለአምስት ከፈሉት። ዓምዶቹ የተተከሉ አይደሉም፤ ዙሪያቸው ተጠርቦ ሲወጣ የቀሩ ናቸው። መሐንዲስ ዛሬ ኮንክሪት ውስጥ ብረት የሚያስገባው ለዚያው ለሚሳበው ወገን ብሎ ነው። ድንጋዩ ውስጥ ብረት ማስገባት የማይችሉት የላሊበላ ጠራቢዎች መፍትሔያቸው ርቀቱን ማሳጠር ነበር፤ ያም የሠራ መፍትሔ መሆኑን ስምንት መቶ ዓመት መስክሯል።

ከላሊበላ ወጣ ብሎ በዋሻ ውስጥ ያለው ይምርሃነ ክርስቶስ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ የተሠራ ነው። አልተፈለፈለም፤ ድንጋይና እንጨት በየተራ እየተነባበሩ እንደ አክሱም ዘመን ሕንፃዎች ተገንብቷል። እንጨቱ ሲሳብ የሚችል፣ ድንጋዩ ሲጫኑት የሚችል ነው፤ ሁለቱ ተጋግዘው ግድግዳውን ያስራሉ። ሁለቱን ቤተ ክርስቲያኖች ጎን ለጎን አድርጎ ያስተማረ መምህር የአንድ ሴሚስተር የቁስ ሳይንስ አስተምሯል ማለት ይቻላል።

ቤተ ጊዮርጊስ ዘንድ የሚኬደው ለሌላ ጥያቄ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከቆመበት ጉድጓድ ስንት ድንጋይ ወጣ? መልሱን ከመጽሐፍ መፈለግ ክልክል ነው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የራሳቸውን እርምጃ ይለካሉ፤ አሥር እርምጃ ስንት ሜትር እንደሆነ ያውቃሉ። ከዚያ ከአስተዳዳሪው ፈቃድ ተጠይቆ፣ ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት፣ ከአፋፉ ራቅ ብለው የጉድጓዱን ዙሪያ ይረግጣሉ። አንዱ ጎን 22 ሜትር፣ ሌላው 23 ሜትር አካባቢ ይወጣል።

ጥልቀቱን ለማወቅ የጂኦሜትሪ ሳጥን ውስጥ ያለው ፕሮትራክተር ይበቃል። ከመሐሉ ላይ ክር ያስሩና ከክሩ ጫፍ ትንሽ ጠጠር ያንጠልጥሉ። አንዷ ተማሪ ከአንዱ ማዕዘን ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ብላ ትቆማለች፤ በፕሮትራክተሩ ጠርዝ በኩል በጉድጓዱ ትይዩ ጫፍ ያለውን ወለል ታነጣጥራለች። ጓደኛዋ ክሩ ያረፈበትን ቁጥር አንብቦ ከ90 ያለውን ልዩነት ይወስዳል። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። አግድም ርቀቱ 22 ሲደመር 2፣ 24 ሜትር ነው፤ የ30 ዲግሪ ታንጀንት በሆነው በ0.58 ሲባዛ ወደ 14 ሜትር ይጠጋል፤ የተማሪዋ ዓይን ከመሬት ያለው ከፍታ አንድ ሜትር ተኩል ሲቀነስ 12 ሜትር ከምናምን ይቀራል። አንድ ዲግሪ ስተው ቢያነቡ ጥልቀቱ በግማሽ ሜትር እንደሚዛባ ያን ጊዜ አስልተው ማየት አለባቸው።

የቀረው ሂሳብ ነው። 22 በ23 በ12 ሲባዛ 6 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል። መሐል ላይ የቆመውን መስቀል ቅርጽ ቀንሰው፣ ውስጡ የተፈለፈለውን ጨምረው 5 ሺህ ገደማ ላይ ይደርሳሉ። የድንጋዩን ጥግግት ለማወቅ ቤተ ክርስቲያኑን መንካት አያስፈልግም፤ ከማሳ የተለቀመ ተመሳሳይ ቀይ ድንጋይ በውሃ በተሞላ ጆግ ውስጥ ጠልቆ የፈሰሰው ውሃ ይለካል። ድንጋዩ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ውጤት ስለሆነ ውሃ ይመጥጣል፤ ክብደቱን ቀድሞ በደረቁ መመዘን ይገባል። ለአንድ ሜትር ኩብ ሁለት ቶን ብንይዝ የወጣው ድንጋይ 10 ሺህ ቶን ይሆናል። በ20 ኪሎ ሸክም 500 ሺህ ምልልስ ማለት ነው። መቶ ሰው በቀን ሃያ ሃያ ጊዜ ቢመላለስ 250 ቀን ይበቃዋል።

ይህ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ክፍሉ መገረሙ አይቀርም። ድንጋዩን ማጋዙ አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። እንግዲያው ጊዜ የወሰደው በመሮና በመዶሻ መጥረቡ ነው፤ ያውም ከላይ ወደ ታች፣ ያለ መወጣጫ እንጨት። አንድ ጊዜ ተስቶ የተመታ ድንጋይ ተመልሶ አይገጠምም። ትውፊቱ ሰው ቀን የጠረበውን ያህል መላእክት ሌሊት ይጨምሩበት ነበር ይላል። ይህን ሂሳብ የሠራ ተማሪ ስለ አባቶቹ ሥራ ያለው አክብሮት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ውሃ የላሊበላ ትልቁ ምህንድስና ነው፤ ጎብኚ ግን ብዙም አያየውም። ተራራ ጥግ ላይ 12 ሜትር ጉድጓድ መቆፈር የክረምት ጎርፍ መጋበዝ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የሚወርደው ዝናብ ጉድጓዱ ውስጥ ቢታቆር የቤተ ክርስቲያኑን እግር ይበላዋል። ስለዚህ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ያሉት ቦዮች ተዳፋት ተደርገው ተጠርበዋል፤ ውሃው ከአንዱ ወደ ሌላው እያለፈ አብያተ ክርስቲያናቱን በሁለት ወገን በሚከፍለው፣ ዮርዳኖስ በተባለው ወንዝ በኩል ይወጣል። የኤም.አይ.ቲው የሥነ ሕንፃ ታሪክ ምሁር ማርክ ጃርዞምቤክ ከዚህም አልፈው ላሊበላን ከሁሉ በፊት የውሃ ምህንድስና ሥራ አድርገው አይተውታል።

የትኛውም የላሊበላ ግንበኛ ለዚህ ትምህርት የሚሆን ሁለት መሣሪያ አለው፤ ቱንቢና ውሃ ልክ። ቱንቢ የምድር ስበት ወዴት እንደሚስብ ያሳያል። ውሃ ልክ ለማግኘት ደግሞ አሥር ሜትር ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ውሃ መሙላት ይበቃል፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ ያለው ውሃ ምንጊዜም እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ግን ይዋሻል፤ ግንበኛው ቱቦውን በጣቱ መታ መታ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ግንበኛ ክፍል ውስጥ ቢጋበዝ ከመምህሩ ጎን ቆሞ ያስተምራል። እንዲህ ያለ የቤት ሥራ እሰጥ ነበር፦ የትምህርት ቤታችሁን ግቢ በቱቦ ለኩ፣ በየአሥር ሜትሩ ያለውን ከፍታ መዝግቡ፣ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ አስቀድማችሁ ተንብዩ፣ ከዚያ ቦይ ቀድዱ። ትንበያው ልክ መሆኑን የመጀመሪያው ዶፍ ይናገራል። ላስታ የእርከንና የክትር አገር ነው፤ ተከዜም ከዚሁ ከላስታ ነው የሚነሣው። የዚህ ምድር ልጅ ስለ ጎርፍ የሚማረው ለፈተና ብቻ ሊሆን አይገባም።

በ2008 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከሉት ትልልቅ መጠለያዎችም ለክፍል የሚሆን ጥያቄ ያስነሣሉ። ለጊዜው ተብለው የቆሙ፣ ዝናብ የሚከለክሉ ጣሪያዎች ናቸው። ከዓመታት በኋላ የከተማው ሕዝብ የብረቱ ክብደት ድንጋዩን ይጎዳል ብሎ ሰጋ፤ ጉዳዩ እስከ መንግሥታት ደረሰ፣ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮንም በመጋቢት 2011 ላሊበላ መጥተው ድጋፍ ቃል ገቡ። ለምን ቀለል ያለ ጣሪያ አልተሠራም? ተማሪ ይህን ሲጠይቅ አንድ ወረቀት ከከንፈሩ ሥር ይዞ በላዩ እንዲነፍስ ማድረግ ነው፤ ወረቀቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ቀላል ጣሪያንም ነፋስ እንዲሁ ያነሣዋል። በሰከንድ 20 ሜትር የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ በላሊበላ ስስ አየር ውስጥ እንኳ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 19 ኪሎ የሚያህል ግፊት ሊፈጥር ይችላል። 1,000 ካሬ ሜትር ለሆነ ጣሪያ 19 ቶን ማለት ነው። ጣሪያው ለድንጋዩ ሲባል ቀላል፣ ለነፋሱ ሲባል ከባድ መሆን ይኖርበታል። ሕዝቡ የሰጋው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መሐንዲሱም ክብደት የጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆች ሁለቱንም ወገን በቁጥር ማየት ቢለምዱ ነገ ስለ ቅርሳቸው የሚወስኑ ባለሙያዎች ከመካከላቸው ይወጣሉ።

ወጥ ቤት ውስጥም ፊዚክስ አለ። ላሊበላ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ወደ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ቢወጡ 86 ገደማ ላይ ይፈላል። የባቄላ ንፍሮ ደጋ ላይ የሚዘገየው እሳቱ ደክሞ አይደለም፤ ውሃው ከዚያ በላይ መሞቅ ስለማይችል ነው። እንጨት ቢጨምሩበት የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። ይህን ለመለካት መቶ ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ከጤና ጣቢያ የመጣው የሕክምና ቴርሞሜትር 42 ላይ ያበቃል፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ቢገባ ይሰበራል፣ ሜርኩሪ ያለበት ከሆነም አደገኛ ነው።

ክዳኑ ላይ ድንጋይ ብንጭንበትስ የሚል ተማሪ አይጠፋም። ይህ የሚወደድ ጥያቄ ነው፤ ወዲያው ይሰላ። ክዳኑ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ድንጋዩ ሁለት ኪሎ ቢሆን፣ የመፍያው ሙቀት ከፍ የሚለው በሩብ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ውሃው እንደ ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ እንዲፈላ ክዳኑ 80 ኪሎ ገደማ መሸከም አለበት፤ ድስት አናት ላይ አንድ ትልቅ ሰው እንደማስቀመጥ ነው። የግፊት ድስት ክዳን ለምን እንደዚያ እንደሚቆለፍ፣ እንፋሎቱ ሳይወጣ መክፈትም ለምን ሰው እንደሚጎዳ ከዚህ በኋላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በመጨረሻ የማነሣው ሙከራ ሁለት ትምህርት ቤቶችን ይፈልጋል፤ አንዱ ላሊበላ፣ ሌላው አዲስ አበባ። ከ2,200 ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ የነበረው ኢራቶስቴንስ ፀሐይ በአንድ ቀን በደቡባዊቷ ሲዬኔ አናት ላይ ስትሆን በእስክንድርያ ጥላ እንደምትጥል አውቆ የምድርን ዙሪያ አሰላ። እኛ ያለንበት ሁኔታ ከእርሱ የተመቸ ነው። ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ 9 ላይ፤ ሁለቱም በአንድ የሰሜን ደቡብ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ በምሥራቅና ምዕራብ የሚለያዩት በሲሶ ዲግሪ ብቻ ነው። ፀሐይ ላሊበላ አናት ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ትቆማለች፤ ሚያዝያ 13 ወይም 14 አካባቢ፣ እንደገናም ነሐሴ አጋማሽ ላይ። ነሐሴ ደመና ነው፤ ሚያዝያ ይሻላል።

በዚያ ቀን ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት በቱንቢ እያስተካከሉ ያቆማሉ። እኩለ ቀን ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከእነዚህ ከተሞች በስተምሥራቅ ባለ መስመር የተቆረጠ ስለሆነ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ስድስት ሰዓት ከ23 ገደማ ነው። ይህን ለተማሪዎቹ ቀድሞ ከመንገር ከስድስት ሰዓት ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር እንዲያመለክቱ ማድረግ ይበልጣል፤ ጥላዋ ያጠረችበትን ሰዓት ራሳቸው ያገኙታል። ላሊበላ ላይ እንጨቱ ጥላ አልባ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ግን 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል የምትሆን ጥላ ወደ ደቡብ ትወድቃለች፤ ያ ሦስት ዲግሪ ነው። ሦስት ዲግሪ የክብ 120ኛ ክፍል ነው። በካርታ ላይ በማስመሪያ ሲለካ በሁለቱ ከተሞች መካከል 335 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገኛል፤ በ120 ሲባዛ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ይመጣል። የምድር ዙሪያ ያ ነው።

የአውቶቡስ መንገዱን ርቀት የሚያስገባ ተማሪ ይኖራል። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ምድር እጥፍ ልትሆንበት ትቀርባለች፤ መንገድ ተራራ እየዞረ እንደሚሄድ ያኔ ይታወሰዋል። የጥላውም ጫፍ ስለት የለውም፤ ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ስፋት ያላት ስለሆነች ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል የደበዘዘ ጠርዝ ይኖራል። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሳሳቱ የምድር ዙሪያ በ2,000 ኪሎ ሜትር ይዛባል። ስለዚህ አንድ እንጨት ሳይሆን አምስት እንጨት፣ አንድ ቡድን ሳይሆን አምስት ቡድን ለክቶ መሐከለኛውን መውሰድ ይሻላል።

ሚያዝያ 14 ቢደምን ሥራው አይበላሽም። ፀሐይ በቀን ሲሶ ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ትጓዛለች፤ ሚያዝያ 16 ላይ ላሊበላም ትንሽ ጥላ ይኖራታል፣ የአዲስ አበባውም በዚያው ልክ ይረዝማል፤ በሁለቱ ማዕዘኖች መካከል ያለው ልዩነት ግን ሦስት ዲግሪ እንደሆነ ይቆያል። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ቀን ለክተው ቁጥሮቻቸውን በስልክ ከተለዋወጡ ይበቃል።